ያጠፋሁት ሰርቨሩን ብቻ ነው

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ነገሩ ሲነሳ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረች" ይለኛል። ልክ ነው፣ ጀምሬያለሁ። በአፌ ስደጋግመው የኖርኩትን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትውልዴ ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ነው። ጅማ ሄጄ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ስመለስ ቦንጋ የነበረ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቀጠረኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ ቢሮውም ከተዘጋ ቆይቷል። ሥራው የዓይን ሕክምና ነበር። ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸውን ሰዎች ከየወረዳው ይመዘግባል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች እዚያው ቦንጋ ቀዶ ሕክምና ያደርጉላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው በእጁ እየዳበሰ የመጣበትን መንገድ በዓይኑ እያየ ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው ሥራውን ቀላል ነው አይልም።

የእኔ ድርሻ ኮምፒውተሮቹ ናቸው። ሰርቨር ክፍላችን ድሮ ዕቃ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ውስጧ ሦስት ማሽኖች ነበሩ። አንደኛው አሮጌው ሰርቨር ነው፤ ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ የሠራ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። የሠራተኛው ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል እሱ ላይ ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ሲፈልግ "የት ነው ያለው?" ብሎ የሚጠይቀውም እሱን ነው፤ የሁሉንም አድራሻ የያዘው እሱ ነበር። ሁለተኛው ይህን ሥራ እንዲረከብ የተገዛው አዲሱ ሰርቨር ነው። ሦስተኛው የኢሜይል ሰርቨሩ ነው፤ ከቢሮው የሚወጣውም የሚገባውም መልእክት በሱ በኩል ያልፋል።

አዲሱን ሰርቨር የተከለው ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት የመጣ ኢንጂነር ሳምሶን የሚባል ሰው ነው። ሦስት ቀን ተቀምጦ ሠራ። ሲጨርስ ሁለት ገጽ የርክክብ ቅጽ ሞላ። በእያንዳንዱ ሥራ ፊት የ"ተከናውኗል" ምልክት አደረገ፣ ፈረመ፣ አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጠኝ። የኢሜይል ሰርቨሩን የይለፍ ቃል ግን አልሰጠኝም።

"እሱን እኔ ከአዲስ አበባ እከታተለዋለሁ። አንቺ አትነካኪው" አለኝ።

የይለፍ ቃሉ እንዲሰጠኝ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ለሁለቱም መልስ አልመጣም።

ከአንድ ወር በኋላ ከሱ ደብዳቤ መጣ። ሥራው ሁሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር መዛወሩ ስለተረጋገጠ አሮጌው ከዓርብ ጀምሮ ጠፍቶ፣ ዲስኩ ጸድቶ፣ መጋዘን ይግባ ይላል። የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ ምትኩ ከላይ "ይፈጸም" ብለው መሩልኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጠፋሁት። ገመዱን ነቀልኩና ኢሜይል ልኬ ሞከርኩ፤ ሄደ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስንሠራም ኢሜይሉ ደህና ነበር። ዲስኩን ግን አላጸዳሁም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሳምንት ይቆይ ብዬ ተውኩት።

ያን ቅዳሜ ከገቡት ኢሜይሎች አንዱ ከውጭዎቹ ሐኪሞች ነው። የሆስፒታሉ ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤና የታካሚዎቹ ስም ዝርዝር እስከ ረቡዕ እንዲላክላቸው ጠይቀዋል። ካልደረሳቸው ተራችንን በመጠባበቅ ላይ ላለ ሌላ ከተማ እንደሚሰጡ ጽፈዋል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ ሰኞ ማኅተም ተደርጎበት እንደሚመጣ ስለምናውቅ ማንም አልተጨነቀም።

እሑድ መብራት ጠፋ። ቦንጋ ላይ መብራት ጠፋ ማለት ያኔ ዜና አልነበረም። ሰኞ ጠዋት መብራቱ ተመልሶ ማሽኖቹን ሳስነሳ ሁሉም ተነሱ፣ ኢሜይሉ ግን አልተነሳም። የምንልከው አይሄድም፣ የሚላክልን አይገባም።

ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ሰካሁ። ደህና ናቸው። ኢንተርኔቱ ይሠራል። የኢሜይል ሰርቨሩ ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት ወጥቷል። ባጭሩ የሚለው "እገሌ የሚባለውን ሰርቨር ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም" ነው። እገሌ የተባለው ዓርብ ያጠፋሁት አሮጌው ሰርቨር ነው። መልእክቱን ፊደል ሳልዘል በማስታወሻ ደብተሬ ገለበጥኩ።

ወደ አቶ ምትኩ ቢሮ ሄድኩ። አቶ ምትኩ ክፉ ሰው አይደሉም። ፈሪ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደወል ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነው የሚያናግሩት።

"አቶ ምትኩ፣ አሮጌውን ሰርቨር ለጊዜው መልሼ ላብራው። የኢሜይል ሰርቨሩ እሱን ነው የሚፈልገው። ካበራሁት ይነሳል ብዬ አስባለሁ" አልኳቸው።

"ብለሽ ታስቢያለሽ?"

"እርግጠኛ ለመሆን መሞከር አለብኝ።"

ስልኩን አንስተው ኢንጂነር ሳምሶን ጋ ደወሉ። ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል። "ምንም ነገር እንዳትነካ! ክፍሉን ቆልፉት! ማሽኖቹም ይጥፉ። ሐሙስ እመጣለሁ" ይላል። አቶ ምትኩ "እሺ፣ እሺ" አሉ። ተነስተው ሰርቨር ክፍሉን በራሳቸው እጅ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። የኢንተርኔቱ መሣሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ ስለነበር ኢንተርኔታችንም አብሮ ተዘጋ።

የሆስፒታሉ ደብዳቤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። የሚላክበት መንገድ ግን የለም። ማክሰኞ ጠዋት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ለሐኪሞቹ ያስተላልፍልን ብለን ወደ አዲስ አበባ ፋክስ ሞከርን። የስልክ መስመሩ እየተንቋቋ ሁለት ጊዜ ተላከ። ከአዲስ አበባ "የደረሰን ጥቁር ወረቀት ነው፣ ስም አይነበብም" አሉን። በአውቶቡስ ሰው እንላክ ብንል ረቡዕ ማታ ነው የሚደርሰው፤ ያኔ ቢሮ ተዘግቷል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጋሽ ወዳጆ መጡ። ጋሽ ወዳጆ የማንኪራ ሰው ናቸው፣ ንብ አናቢ። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። ባለቤታቸው በትራቸውን ከፊት ይዘው እየመሩ ነው ያመጧቸው። ስማቸውን የመዘገብኩት እኔ ስለነበርኩ በድምፄ አወቁኝ። በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው የምናወራው።

"ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚመጡት?" አሉኝ።

"ገና ቀኑ አልተቆረጠም፣ ጋሼ።"

ከዚያ የዛፍ ጫፍ ካዩ ሦስት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ። ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ለማያይ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ባለፈው ዓመት በዳበሳ እወጣለሁ ብለው ወድቀው ጎናቸው ተጎድቷል። ይህን ሲነግሩኝ ባለቤታቸው ፊታቸውን አዙረው ነበር።

"የሚቀሩ ከሆነ ንገሪን" አሉኝ። "ቁርጣችንን እንወቅ። በተስፋ አታመላልሱን።"

ሸኘኋቸውና ቀጥታ አቶ ምትኩ ቢሮ ገባሁ። ሰነዱን ስካን አድርጌ፣ ከተማ ካለው የኢንተርኔት ቤት በግል ኢሜይሌ ልላክ አልኳቸው።

"በግል አድራሻ? የታካሚ ስም ዝርዝር? ደንቡን አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ። ነገ ግን የመጨረሻው ቀን ነው።"

"ሐሙስ ሰውየው መጥቶ ያስተካክለዋል፣ ያኔ እንልካለን። ለአንድ ቀን ብለው አይቀሩም።"

"ቢቀሩስ?"

"ወይንሸት፣ ከእኔ በላይ አትጨነቂ። ወደ ሥራሽ።"

ከእሳቸው በላይ ተጨንቄ ነበር። ምን ላድርግ?

ያን ቀን ምንም አላደረግኩም። ረቡዕ ጠዋትም ሰዓት ሳይ አረፈድኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጸሐፊያችን እትዬ አልማዝ ጋ ሄድኩ። እትዬ አልማዝ አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ቦንጋ ተወልደው ቦንጋ ያረጁ ሴት ናቸው። ኦርጅናሉ ሰነድ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ምን ልበላቸው ብዬ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ምሳ ልትወጪ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ማህደሩን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አነሱ። "እኔም ልወጣ ነው። በሩን አልቆልፈውም። የማየው ነገር የለም፣ የሰማሁትም የለም" ብለውኝ ሄዱ።

ሰነዱን በእሳቸው ኮምፒውተር ስካን አድርጌ ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ማህደሩን ቦታው መልሼ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። እዚያ አካባቢ አራት ኮምፒውተር ያላት አንዲት የኢንተርኔት ቤት ነበረች። ለሐኪሞቹ ጻፍኩ፦ የቢሮው ኢሜይል ስለተበላሸ በራሴ አድራሻ መላኬን፣ መልሱን ግን ለቢሮውም ጭምር እንዲልኩ። ግልባጩን ለዋናው መሥሪያ ቤት አደረግኩ። ተደብቄ አልላክሁም፤ ስሜንና የሥራ መደቤን ከሥሩ ጻፍኩ።

ፋይሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ተቋረጠ። ሦስተኛው ላይ ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ።

እስኪጨርስ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። አጠገቤ ባለው ኮምፒውተር ላይ ደብተሬ ላይ የገለበጥኩትን የስህተት መልእክት ጻፍኩና ፈለግኩ። የት አገር እንዳለ የማላውቀው አንድ ሰው ልክ የእኔው ችግር ገጥሞት ሌሎችን ጠይቋል። ከተሰጡት መልሶች አንዱ ላይ ዓይኔ ቀረ። "የኢሜይል ሰርቨርህ አድራሻ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ ሴቲንጉን ገብተህ እይ። አሮጌውን ከሆነ፣ እስኪጠፋና እስኪነሳ ድረስ ደህና መስሎ ይቆይሃል" ይላል።

ሁሉም ነገር ገባኝ። አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ ሁሉም ኮምፒውተር "ከዛሬ ጀምሮ አድራሻ አዲሱን ጠይቅ" ተብሏል። የኢሜይል ሰርቨሩ ብቻ አልተነገረውም። ዓርብ አሮጌው ሲጠፋ ቀድሞ ያወቀውን ይዞ ቆየ። እሑድ መብራት ሲጠፋ የያዘው ተረሳ። ሰኞ ሲነሳ አሮጌውን ፈለገ፣ አጣው። ይህን መቀየር የነበረበት ደግሞ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ፋይሉ ሄደ። ወደ ቢሮ ስመለስ አሥር ደቂቃ አርፍጄ ነበር።

ሐሙስ ኢንጂነር ሳምሶን መጣ። አቶ ምትኩን አስከትሎ ሰርቨር ክፍሉ ገባ፣ እኔን ውጭ ተዉኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጣ። "አሮጌውን ያለ ቅደም ተከተል ነው ያጠፋችው። ጉዳቱ ከባድ ነው። ሲስተሙ እንደ አዲስ መገንባት አለበት፣ ሳምንት ይፈጃል" አለ።

"ኢንጂነር፣ የኢሜይል ሰርቨሩን ሴቲንግ አይተውታል?" አልኩት። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ግን አክብሬ ነው የጠየቅሁት።

ፈገግ አለ። "እህቴ፣ ይሄ የዲፕሎማ ሥራ አይደለም።"

እስከዛሬ ስለዚያች ሰዓት ሳስብ መልስ አዘጋጅለታለሁ።

ሳምሶን ጥፋተኛው በጽሑፍ ሳይለይ ማሽኑን እንደማይነካ ተናገረ፤ "ነገ በእኔ ይላከካል" ነው የሚለው። ከሰዓት በኋላ ሪፖርት ጻፈ። በግል አድራሻ ሰነድ መላኬን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰምቶ ስለነበር ያንንም ሁለተኛ ጥፋት አድርጎ ጨመረው። ከሐኪሞቹ ግን መልስ የለም። ምሳ ሰዓት ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አይቻለሁ። ባዶ ነው።

ያኔ ግምገማ የሚባለው ነገር ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አልፎ እኛም ግቢ ገብቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ በስብሰባ ክፍሉ ተሰበሰበ። አቶ ምትኩ ሰብሳቢ፣ እትዬ አልማዝ ቃለ ጉባኤ ያዥ። ሳምሶን ሪፖርቱን አነበበ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ተገፋ። "በፈጸምኩት የሙያ ጥፋት የድርጅቱ ኢሜይል መቋረጡን አምኛለሁ" ይላል። ከሥሩ ስሜ ተጽፏል፣ የቀረው ፊርማዬ ነው።

"ፈርሚና ይለቅ" አሉ አቶ ምትኩ። "ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ከሥራ አያስወጣሽም።"

"አልፈርምም።"

የእኔ ድምፅ መሆኑን እኔም ተጠራጠርኩ።

"አላጠፋሁም ነው የምትይው?"

"ሰርቨሩን አጥፍቻለሁ፣ በደብዳቤ ታዝዤ። ሌላ ያጠፋሁት የለም።"

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ ምትኩ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መቱ። "ይሄ የቀልድ ቦታ አይደለም!"

"እኔም አልቀለድኩም። ክፍሉ ይከፈት። ሁላችሁም ባላችሁበት የኢሜይል ሰርቨሩ ይከፈት። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እዚያው እፈርማለሁ።"

"ለዚህ ጊዜ የለንም" አለ ሳምሶን።

"ለሪፖርት ጊዜ ነበረህ" አልኩት። አክብሮቱ ከአፌ የወጣው ያኔ ነው፣ መልሼም አላስገባሁትም።

አቶ ምትኩ ወዲያና ወዲህ አዩ። ስብሰባውን ሊዘጉት እንደሆነ ገባኝ። እትዬ አልማዝ ብዕራቸውን እንዳነሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ልጻፍ? ባለሙያዋ ማስረጃ ላሳይ ብትል ቤቱ ለማየት አልፈለገም፣ ልበል?" አሉ።

አቶ ምትኩ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ከሦስት ሰው በላይ አትይዝም። ሌላው ሠራተኛ በሩ ላይ ተደራርቦ ቆመ። ማሽኖቹ ተነሱ። ሳምሶን ስክሪኑን በትከሻው ከልሎ የይለፍ ቃሉን ጻፈ።

"ሁላችሁም አያችሁ?" አልኩ። "ይህን ማሽን መክፈት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እኔ የይለፍ ቃሉን ሁለቴ በደብዳቤ ጠይቄ ተከልክያለሁ። የደብዳቤዎቹ ቅጂ ይኸው። አሁን የኔትወርክ ሴቲንጉ ይከፈት።"

ከፈተው። አድራሻ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ አንድ ቁጥር አለ።

"አንብበው።"

አላነበበም። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ መጨረሻው አሥር ነው። እያንዳንዱ ማሽን ላይ አድራሻውን በነጭ ፕላስተር ጽፌ መለጠፍ ልማዴ ነበር። አሮጌው ሰርቨር እዚያው ወለሉ ላይ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"አቶ ምትኩ፣ እባክዎ እዚያ ማሽን ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ቀስ እያሉ አነበቡ። መጨረሻው አሥር ነው። ቀና ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፣ ወደ ሳምሶን ነው ያዩት።

የርክክብ ቅጹን ከማህደሬ አወጣሁ። "እዚህ ላይ 'የኢሜይል ሰርቨሩ ወደ አዲሱ ሰርቨር እንዲዞር ተደርጓል፣ ተከናውኗል' ይላል። ፊርማው የማን ነው?"

ሳምሶን ግንባሩን ጠረገ። "እንዲህ ያለ ነገር... ሥራ ሲበዛ ሊታለፍ ይችላል" አለ።

"አዲሱ መጨረሻው ሃያ ነው። ሃያ ብለህ ጻፍበት።"

ጻፈ። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። እስኪነሳ ድረስ ያለችው ጊዜ ረዘመችብኝ። ኢንተርኔት ቤት ያነበብኩት የማላውቀው ሰው መልስ ስህተት ቢሆንስ? ሁሉም እያየኝ ነው። ከዚያች ክፍል ተሸንፌ ብወጣ ቦንጋ ውስጥ ማን ሥራ ይሰጠኛል?

መጀመሪያ የሰማነው ከእትዬ አልማዝ ቢሮ ነው። ኮምፒውተራቸው ደብዳቤ ሲገባ ጢን ይላል። ጢን አለ። ቆየና ደገመ። ከዚያ ማቆሚያ አጣ። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ሰርቨር ለእኛ የመጣውን ሁሉ ሲያጠራቅም ቆይቶ አንድ ላይ ለቀቀው።

እትዬ አልማዝ ወደ ቢሯቸው ገቡ። እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅሁም። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸው መጣ፦ "ወይንሸት! ነይ አንብቢው፣ የኔ እንግሊዝኛ አይበቃም!"

ረቡዕ የተላከ ከሐኪሞቹ የመጣ መልስ ነበር። ለእኔም ለቢሮውም ጽፈውታል ይላል፤ የእኔ እስከዚያ ድረስ ለምን እንዳልደረሰኝ ዛሬም አላውቅም። ሰነዱ በሰዓቱ ደርሷቸዋል። ተራችንን ይዘውልናል። ይመጣሉ።

በሩ ላይ የነበረው ሰው አጨበጨበ። አቶ ምትኩ ወዲያው "እንኳን ደስ ያለን! በሉ እንግዲህ ወደ ሥራችሁ" አሉ። እጃቸው እኔ ያልፈረምኩትን ወረቀት እያጠፈ ነበር።

"ስብሰባው አልተዘጋም" አልኩ። "ሪፖርቱ ስህተት መሆኑ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።"

"ነገር አታክርሪ፣ ወይንሸት። ተፈታ አይደል?"

"ሲከሰስ በጽሑፍ፣ ሲጣራ በአፍ አይሆንም።"

እትዬ አልማዝ ጽፈዋል፣ አቶ ምትኩም ሳይወዱ ፈረሙ። ሳምሶን የዚያኑ ዕለት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው። ቆይቶ የላከው ሪፖርት "ችግሩ በጋራ ጥረት ተፈትቷል" የሚል ነበር።

በግል አድራሻ ሰነድ ስለላክሁ ግን ማስጠንቀቂያው አልቀረልኝም። ደብዳቤው ሲሰጠኝ መቀበሌን እንድፈርም ተጠየቅሁ። ከፊርማዬ በላይ "ደርሶኛል፣ ግን አልተቀበልኩትም" ብዬ ጻፍኩ። አቶ ምትኩ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም አሉ። ተጽፏል አልኳቸው።

ሐኪሞቹ በቀጠሮው መጡ። ከቢታ ገነት፣ ከጌሻ፣ ከየቦታው የመጣው ሰው የሆስፒታሉን ግቢ ሞላው። ጋሽ ወዳጆ በሁለተኛው ቀን ገቡ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ባለቤታቸውን ያያሉ ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ግቢው ውስጥ ያለውን ትልቅ ዋንዛ ጫፉ ድረስ አዩት። ከዚያ በጣታቸው አንድ ቅርንጫፍ እያሳዩ "እዚያች ላይ ቀፎ ይቀመጣል፣ ማን ነው ባዶዋን የተዋት?" አሉ። ባለቤታቸው "እኔን ሳታይ ዛፍ ታያለህ?" ብለው ሲቆጡ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

እዚያ ቢሮ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቼ በራሴ ፈቃድ ለቀቅሁ። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ የራሴ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች "በይ እንግዲህ ይቅር በያቸው" ይሉኛል። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ስለዚህ የምሰጠው የለኝም። ንዴቱ እስካሁን አለ። እንዲለቀኝም አልፈልግም፤ ሥራዬን የሠራሁት በሱ ነው።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ረቡዕ ያደረግሁትን ሰኞ አላደረግሁትም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈቃድ ስጠብቅ ዋልኩ።